አባቴን ከሰው ስለጠበቁልኝ

ለጣና ክንፍ የአገር ውስጥ በረራ ድርጅት
የመንገደኞች ደኅንነት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ የሚያገለግሉት ሠራተኞችም ከዚህ ክፉ በሽታ ተጠብቃችሁ፣ ሙቀታችሁ ሳይጨምር ትንፋሻችሁም ሳይቆራረጥ እንድትሰነብቱ እየተመኘሁ ከወረታ ከተማ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አምሳል ዓለምብርሃን እባላለሁ፤ እዚሁ ወረታ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በስልክ ስደውል ጥሪዬ በቅደም ተከተል እንደሚስተናገድ በትሕትና የሚነግረኝ ድምፅ ክረምቱ አልፎ በጋ እስኪገባ ተራዬን ስላላደረሰልኝ፣ ምናልባት ኃላፊው ጠዋት ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው ይሆናሉ ብዬ ነው።

ደብዳቤው የምስጋና ደብዳቤ ነው። ድርጅትዎ ባለፈው ክረምት መንገደኞች በወረርሽኝ ጊዜ እንዴት በሰላም እንደሚበሩ የሚያስረዳ ባለ ሥዕል መመሪያ አሠራጭቶ ነበር። እኔ ያንን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ፣ አምኜ፣ አባቴን በእጃችሁ ያስረከብሁ ልጅ ነኝና ውጤቱን ለእርስዎ አለማሳወቅ ምስጋና ቢስነት ይሆንብኛል።

አባቴ ቄስ ዓለምብርሃን እዚህ ወረታ አጠገብ የቁሐር ሚካኤል አገልጋይ ነበሩ። እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ ሩዝ ያርሳሉ፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ከታላቅ እህቴ ከሸዋዓለም ጋር እዚያው ቁሐር ይኖሩ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተስቦ ታመው ሲነሡ ጆሯቸው ጨርሶ ሄደ። ነገር ግን እንግዳ ሰው ከእሳቸው ጋር ረጅም ጨዋታ ተጫውቶ አለመስማታቸውን ሳያውቅ ይሄድ ነበር፤ ከንፈር እያዩ ነው የሚሰሙት። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ አያልነህ ፊቱን ወደ እሳቸው መለስ ያደርግላቸዋል፣ እሳቸውም አፉን አይተው ተራቸው ሲደርስ ዜማውን ያነሣሉ። ኮሮና መጥቶ አፍ መሸፈን የግድ ሲሆን አያልነህ ራቅ ብሎ ይቆምና ማስኩን ለአፍታ ዝቅ ያደርግላቸው ነበር። ይህ በማናቸውም መመሪያ ላይ እንዳልተጻፈ አውቃለሁ።

ያን ዓመት በሰኔ ሆዳቸውን ሲያማቸው ቆይቶ ተመረመሩና የበቀለ እብጠት ተገኘባቸው። ባሕር ዳር ያሉት ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ላኳቸው፤ እዚያ ካለ አንድ ሆስፒታልም ከስንት ልመና በኋላ ፍልሰታ እንደተፈታ ለሚሆን ቀን የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተገኘ። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ ያን ያህል መንገድ መቀመጥ አይችሉም፤ ደግሞም አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ይርጋለም «ከአጠገባቸው ማን እንደሚያስል አይታወቅም፤ አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ይምጡና እኔ ከታች እቀበላቸዋለሁ» አለ። እኔም መመሪያዎን አነበብሁላቸው። አባቴ በትዕግሥት ከንፈሬን ሲያዩ ቆይተው፣ «እንግዲህ ከሰማይ ላይ በሽታው ካልደረሰብን ደግ ነው» ብለው እሺ አሉ።

በበረራው ዋዜማ በቁሐር በኩል የሚያልፈው ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰውና ቁሐር ሚካኤል በውሃ ተከበበ። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ደንብ መጣሱን ልነግርዎ እገደዳለሁ። ጎረቤቶቻችን ደሳለውና ማረው፣ ሌሎችም ተጨምረው፣ አባቴን በቃሬዛ ተሸክመው በሩዙ ማሳ መካከል ወገባቸው ድረስ በውሃ ውስጥ እየተራመዱ እስከ አስፋልቱ አወጧቸው። በመካከላቸው እንኳን ሁለት ሜትር አንድ ስንዝርም አልነበረም። ማረው ሲያዳልጠው አባቴ አንገቱን አቅፈው ያዙት፤ ሁለቱም ሳቁ። አስፋልቱ ላይ ሲያወርዷቸው እግራቸውን አጥበው፣ ጫማ አልብሰው፣ መስቀል ተሳልመው ተሰናበቷቸው። በዚህ ሁሉ መነካካት ማንም አልታመመም፤ ይህ ግን ዕድል እንጂ ጥንቃቄ እንዳልሆነ እቀበላለሁ። እኛም በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ቀብረናል፤ በበሽታው አልቀልድም።

ያን ቀን ወረታ እኔ ቤት አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን፤ ከዚያ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሸኚ ከበር እንዳያልፍ ስለከለከሉ አመሰግናለሁ። የበሩ ሠራተኛችሁ ጨዋ ልጅ ነበር። «አባቴ አይሰሙም። ከንፈር እያዩ ነው የሚረዱት፤ ሁላችሁ አፋችሁን ስለሸፈናችሁ ቢጠሩም አያውቁም» አልሁት። «አይስጉ እናቴ፤ አረጋውያንን ክንዳቸውን ይዞ እስከ አውሮፕላኑ የሚያደርስ ሰው አለን» አለኝ። ይህ በመመሪያዎም ላይ፣ አንድ ወጣት አንዲት አሮጊት ደግፎ ሲሄድ ከሚያሳይ ሥዕል ጋር፣ ተጽፎ ስለነበር አመንሁት። ማስኬን ዝቅ አድርጌ ለአባቴ «የሚወስድዎ ሰው ይመጣል፤ እስኪመጣ ከወንበርዎ አይነሡ» አልኋቸው። «እሺ ልጄ፤ አንቺ ቶሎ ተመለሽ፣ ዝናብ እንዳይይዝሽ» ብለው ገቡ። በመስታወቱ ውስጥ ዞር ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ።

፪ኛ. ያ ደጋፊ ሰው እንዳይመጣ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ክንድ መያዝ ርቀትን ስለሚጥስ አገልግሎቱ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ቀርቶ ነበር። ከመመሪያው ላይ አልተሰረዘም፤ የተሰረዘው ሰውየው ብቻ ነው። ለበሩ ሠራተኛም አልተነገረው ኖሯል። አባቴ ግራና ቀኝ በቀይ ፕላስተር በታሸጉ ወንበሮች መካከል ተቀምጠው፣ መጨናነቅ እንዳይፈጠር መንገደኞች በድምፅ ማጉያ በየተራ ሲጠሩ፣ ሰዎች ሲነሡና ሲሄዱ ያያሉ። እያንዳንዱን የሚወስደው ሰው መጥቶለት መስሏቸው የእሳቸውን ይጠብቃሉ። ስማቸው ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። አጠራሩ ጥርት ያለ እንደነበር ተረኛ ኃላፊው አረጋግጦልኛል።

፫ኛ. ለሙቀት መለኪያው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው አባቴ ናቸው፤ ስለዚህ ስህተት ካለበት የእሳቸው ነው። አንዲት ወጣት ሠራተኛ መንገደኛውን በግንባሩ እየለካች ስትመጣ አዩ። ከፊታቸው ስትደርስ ጎንበስ አለች። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ከፊታቸው ጎንበስ ያለ ሰው አንድ ነገር ብቻ ሲፈልግ ነው የሚያውቁት፤ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ግንባሯ አስጠጉላት። ልጅቱ ደንግጣ ወደ ኋላ ዘለለች። እጇን ዘርግታ እንዳይጠጓት ከለከለችና ለባልደረቦቿ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሁሉም ከያሉበት ዞረው አዩዋቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወደ አባቴ የቀረበ ሰው የለም። በልጅቱ አልፈርድም። እሷም እቤቷ እናት ይኖራታል፤ ፈርታ ነው። እኔን የገረመኝ በድርጅትዎ ዘገባ አባቴ «ለሙቀት ልኬት ያልተባበሩ መንገደኛ» ተብለው መገኘታቸው ነው።

እኩለ ቀን ላይ፣ ወረታ ቤቴ እንደገባሁ፣ ይርጋለም ደወለልኝ። «አባ አልወረዱም» አለ። «እንዴት አይወርዱም? በእጄ አስገብቻቸው» አልሁት። «ሁሉም ወጥቶ አልቋል አምሳል፤ አብራሪዎቹ ሳይቀሩ ወጥተዋል» አለኝ። ያኔ ነው እርስዎ ቢሮ መደወል የጀመርሁት። ድምፁ ደኅንነቴ ከሁሉ እንደሚቀድም ነገረኝና ሙዚቃ ከፈተልኝ። ሙዚቃውን ትቼ አለኸኝ የሚባል የሰፈራችን ሹፌር ለመንሁ፤ በዚያ ዝናብ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይዞኝ ተመለሰ።

ስደርስ ሌላ የሚሸኝ ሰው ስላልነበረ የበሩ ሠራተኛ አስገባኝ። አዳራሹ ባዶ ነበር። አንዲት ሴት ወንበሮቹን በመድኃኒት እየወለወለች ነው፤ የአባቴን ወንበር ብቻ ዘላ አልፋለች። አባቴ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሽንት ቤት እንኳን አልሄዱም። ሄደው ሳለ የሚወስዳቸው ሰው ቢመጣስ? ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«አንቺም ልትሄጂ ነው?» አሉኝ።

ማስኬን ወደ አገጬ አወረድሁና «አባ፣ አውሮፕላኑ ሄዷል» አልኋቸው።

ከንፈሬን አዩ። «የእኔው?»

«የእርስዎ።»

በዚህ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ከወዲያ ማዶ እየፈጠነ መጣ፤ በሚገባው ርቀት ላይ ቆሞም «እህት፣ ማስክሽን ከፍ አድርጊ» አለኝ። ከሙቀት ለኪዋ ልጅ ወዲህ ወደ አባቴ ወንበር አቅጣጫ የተራመደ የመጀመሪያው ሠራተኛ እሱ ነበርና ላመሰግነው ይገባ ነበር። ማስኬን ከፍ አደረግሁ። አባቴም የምለውን ማየት አልቻሉም።

ተረኛ ኃላፊው ቀጣዩ በረራ ከሦስት ቀን በኋላ መሆኑን፣ በረራው የተቀነሰውም ለመንገደኞች ደኅንነት ሲባል መሆኑን አስረዳኝ። ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ይርጋለም ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ ለመነ፤ አልጋው በዚያው ቀን ለሌላ ተሰጠ፤ የተሰጠውም ለባሰበት ሰው ነውና ምን ይባላል። አባቴም ከጥምቀት በኋላ እንዲመለሱ ተነገረን።

ምስጋናዬን በቁጥር መጻፌን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በየትኛው ቁጥር ሥር እንደማስገባው አላወቅሁም።

በአለኸኝ መኪና ስንመለስ አባቴ ከኋላ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እንዲህ ሲያደርጉ ማነጋገር አይቻልም። በመንገዳችን ላይ ካለችው ከሐሙሲት ከተማ ስንደርስ የአለኸኝን ትከሻ ነካ አድርገው አስቆሙት። ወደ እኔ ዞሩና፣

«አምሳል፣ እውነቱን ንገሪኝ። እሸታለሁ ወይ?» አሉኝ።

«ኧረ አይሸቱም አባ። ማን እንዲህ አለዎት?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ምንም አላለኝም» አሉ። «ኮሮናውን አውቀዋለሁ፤ ሕዝቡን እጃችሁን ታጠቡ እያልሁ የምመክረው እኔው ነኝ። ግን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ አይቻለሁ። ሲሳሳቁም አይቻለሁ። እኔ ጋ ሲደርሱ ነው የሚሸሹት። ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ሸቷቸው ይሆናል። እናንተ ለምዳችሁት ነው እንጂ።»

አለኸኝ መሪውን ይዞ አቀርቅሮ ነበር። እኔ ደጋግሜ፣ አፌን አጥርቼ፣ «አይሸቱም» አልኋቸው። ከንፈሬን አዩት፤ ግን አላመኑኝም።

አባቴ ያንን ርቀት ከእናንተ ዘንድ ይዘውት መጡ። እርስዎ ደንቡ በአዳራሹ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ይመስልዎ ይሆናል፤ ቁሐር ድረስ ደርሷል። ደሳለው ሊጠይቃቸው መጥቶ መስቀል ሊሳለም ቢጠጋ፣ «ራቅ በል ልጄ» ብለው መስቀሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። አልጋቸውን ከቤት አውጥተው በከብቶቹ ጋጥ በኩል አዘረጉ። ለብቻቸው በሉ። ሸዋዓለም በየማለዳው ውሃ እያሞቀች፣ እሳቸው ገላቸውን በሎሚ እያሹ ይታጠባሉ። አያልነህ መጥቶ «ቄሴ፣ መቅደሱ ናፈቀዎ፤ እኔም ያለ እርስዎ ዜማው ይጠፋብኛል» ቢላቸው፣ «በዚህ ሽታ መቅደስ አልገባም» አሉት። ልጁ እያለቀሰ ወደ ቤቴ መጣ። እኔም ካህን ከቤተ ክርስቲያን እንዲቀር ያደረገው በሽታው እንዳልሆነ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳው አላወቅሁም።

የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ይርጋለም የምሥራች ደወለ፤ ቀጠሮውን የተወ ሰው ተገኝቶ ነበር። የመኪና ሰው ተለምኖ፣ ከኋላ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ከበራቸው እስከ ሆስፒታሉ በር ሊያደርሳቸው ተዘጋጀ። ውሃውም ጎድሎ መኪና ይገባል። ተንበርክኬ ለመንኋቸው።

«አልሄድም» አሉ። «ቢቆርጡኝም ባይቆርጡኝም ግድ የለኝም። እንደዚያ ቀን ግን ደግሜ መቀመጥ አልችልም።»

«እኔ አብሬዎ እገባለሁ» አልኋቸው።

«ያን ቀንም ይዘሽኝ ነበር የሄድሽው፤ በር ላይ አስቀሩሽ» አሉኝ። ይህን ያሉት እየተቆጡ አልነበረም። ለእኔ አዝነው ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ሩዙ ቢጫ ሆኖ አጫጅ ሲፈለግ፣ ደከሙ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከራስጌያቸው ነበርሁ። እጃቸውን ስይዝ ፊታቸውን አዞሩብኝ። መልሼ ዞርሁላቸው። የሆነ ነገር ሊነግሩኝ ፈለጉ፤ ነገር ግን ትንፋሻቸው እንዳይደርሰኝ አስቀድመው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ድምፃቸው አልቆ ነበር። «አልሰማሁም አባ፤ ገለጥ ያድርጉት» ብዬ ጋቢውን ለማውረድ ስሞክር በዚያ ድካማቸው አጥብቀው ያዙት፤ ደግመው ተናገሩ። ሁለት ደኅና ጆሮ እያለኝ፣ ክቡር ሆይ፣ አባቴ በመጨረሻ ያሉኝን አልሰማሁም።

ቀብራቸው ላይ ድርጅትዎ አባቴን ከእሱ የጠበቀልኝ ያ ሁሉ ሰው መጣ። ደሳለውና ማረው ዳግመኛ ተሸከሟቸው፤ በዚህኛው ጊዜ መንገዱ ደረቅ ነበር።

እርስዎን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቀላል ነው። ሰው አትንኩ ብላችሁ ማዘዛችሁ ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን የማይሰማ ሰው ሲገጥማችሁ ከፊቱ ሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ እጅ ማውለብለብ፣ በእጅም ወደ በሩ ማመልከት ይቻላል። እጅ ማውለብለብ በሽታ አያስተላልፍም። ይህችን አንዲት መስመር በሚቀጥለው መመሪያዎ ላይ ቢያስገቡልኝ፣ ከጎኗም ሥዕል ቢያክሉበት፣ በዚህ አገር ሌላ አንድ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ አይቀርም። ደጋፊውን ወጣት ከሥዕሉ ላይ ቢያወጡት ደግሞ እኛ ማንበብ የምንችለው አንታለልም።

እርስዎ የቆሙለት ደኅንነት ለእርስዎ፣ ለወለዱዎትና ለወለዷቸው ሁሉ ሳይጓደል እንዲደርስ እየተመኘሁ፣ ከተፈቀደው ርቀት ላይ ሆኜ እጅ የምነሣ፣

የቄስ ዓለምብርሃን ልጅ
አምሳል ዓለምብርሃን
ወረታ፣ የካቲት ፳፻፲፫ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ከመምሪያዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ። አቤቱታ የሚቀበለው መንገደኛው ራሱ መታወቂያውን ይዞ በአካል ሲቀርብ ብቻ መሆኑን፣ በወኪል ግን እንደማይቻል ይገልጻል። መንገደኛው ወደ እናንተ መምጣት ስለማይችሉ ሠራተኛ ቢልኩ ይሻላል። ቁሐር ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከአጥሩ ሥር፣ አዲስ አፈር ያለበት ነው። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሁልጊዜ ይገኛሉ፤ ቀጠሮም አያስፈልግም።